ከዲያና ጉንጭ የተነቀሉት ሰባት ምስማሮች

ሰባት ዓመት በሞላኝ በጋ፣ ለአንዲት ሴት ራርቼ አንድን ሰው ነፃነቱን አሳጣሁት። ሴቲቱ ከሰም የተሠራች ነበረች፤ ሰውየው ግን ሥጋና ደም ነበረው።

አባቴ ብሎሲዮስ በካፑዋ ከተማ፣ ከወንዙ በር አጠገብ፣ ነሐስ የሚያቀልጥበትና ሐውልት የሚያፈስስበት ሰፊ ግቢ ነበረው። እኔም እንደ ወጋችን በአባቴ ቤት ስም ብሎሲያ ተባልሁ። እናቴ እኔን በወለደች በሳምንቷ ስለሞተች ያሳደገችኝ የእናቴ እኅት ቪቢያ ናት። ይሁን እንጂ ውሎዬ ከአክስቴ ዘንድ አልነበረም። ውሎዬ ከዲዮክሌስ እግር ሥር ነበር።

ዲዮክሌስ የአባቴ ባሪያ ነው። በልጅነቱ ከግሪክ አገር ተገዝቶ የመጣ፣ በሠላሳ ዓመቱ ራሱ የተመለጠ፣ ጣቶቹ ከመላ ሰውነቱ ይልቅ የሚናገሩ ሰው ነበር። አባቴ ሐውልቱን ያስባል፤ ዲዮክሌስ ይሠራዋል። በከተማው ይህን የማያውቅ አልነበረም፤ ከፍ ባለ ድምፅ የሚናገረው ግን አልነበረም።

በዚያ ዓመት የከተማው ሸንጎ በተራራው ላይ ላለው መቅደስ የአደን አምላክ የሆነችውን የዲያናን ሐውልት አዘዘ፤ ቁመቷ ስምንት ሰው ቢደራረብ የሚያህል፣ ከነሐስ የተሠራች። በነሐሴ ወር አጋማሽ፣ ሴቶች ችቦ ይዘው ወደ ተራራው በሚወጡበት በዓል እንድትቆም ተቆረጠ። በግቢያችን ያለው ሰው ሁሉ ያን ሰሞን ስለ እርሷ እንጂ ስለ ሌላ አይናገርም ነበር።

«ዲዮክሌስ፣ እንዲህ የምታክል ሴት በምን ማሰሮ ትቀልጣለች?» አልሁት አንድ ቀን።

እርሱ ከጭቃ የተሠራውን አውራ ጣቷን በእርጥብ ጨርቅ ያለሰልስ ነበር። የአውራ ጣቷ ውፍረት የኔን ወገብ ያህላል።

«እንዲህ ያለ ማሰሮ ሮማም የለ፣ እሜቴ» አለኝ። እሜቴ እያለ የሚጠራኝ ግማሹ አክብሮት፣ ግማሹ ቀልድ ነበር። «በየአካሏ ነው የምትሠራው። እግር ለብቻ፣ ክንድ ለብቻ፣ ፊት ለብቻ። መጀመሪያ አባትሽ ያቺን ትንሿን ሠሩ፤ አንድ ክንድ ተስንዝር የምትሆነዋን። እኛ ደግሞ እያንዳንዷን ነገር በመለኪያ እየለካን ሃያ ጊዜ እያሳደግን ይቺን ጉድ ፈጠርን።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ስሚኝ። አጥንቷ ሸክላ ነው። በአጥንቷ ላይ ሥጋዋ ሰም ነው፤ የጣት ውፍረት ያለው። በሰሙ ላይ የጭቃ ልብስ እናለብሳታለን። ከዚያ እሳት ስናሞቃት ሰሙ እየቀለጠ በቀዳዳ ይወጣል፤ በልብሷና በአጥንቷ መካከል ባዶ ቦታ ይቀራል። የቀለጠውን ነሐስ እዚያ ባዶ ቦታ እንሞላዋለን። ሲበርድ ልብሷን እንሰብራለን፤ ያን ጊዜ ትወለዳለች። ኋላ አካላቷን እርስ በርስ እናጣብቃለን፤ እንዳትወድቅም እግሮቿን ድንጋይ እናበላቸዋለን።»

«እስክትወለድስ?»

«እስክትወለድማ ተኝታለች፤ በእናቷ ሆድ እንዳለ ሕፃን።»

«ትሰማለች?»

«ከሩፎ ስድብ በቀር ሁሉን ትሰማለች።»

ሩፎ ወናፍ የሚነፋ ቅጥር ሠራተኛ ነበር። ከወዲያ ሆኖ «እኔ የምሰድበው ራሰ በራዎችን ነው! እመቤቲቱ ጠጉር አላት፤ እርሷን ምን አድርጋኝ?» ብሎ ጮኸ፤ ግቢው በሳቅ ሞላ።

ይህን ያህል የጠራ ማብራሪያ ከዚያ ወዲህ ከሊቅ አፍ እንኳ ሰምቼ አላውቅም። ከአንድ ነገር በቀር ሁሉም እውነት ነበር። ያን አንዱን፣ ተኝታለች ያለውን፣ ዲዮክሌስ የጨመረው እኔን ለማስደሰት ነው። ለልጅ የሚነገር ነገር ማር ይቀባ ዘንድ ልማድ ነው፤ እኔም በዘመኔ ለብዙ ልጆች ቀብቻለሁ። ማሩን እንጂ ፍሬውን የማይውጥ ልጅ እንዳለ ግን ማንም ከኔ በላይ አያውቅም።

ቆቡን ያየሁት በዚያው ሰሞን ነው። አክስቴ ቪቢያ በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ነጭ የበግ ጠጉር በሙቅ ውኃ ትዳምጥ ነበር፤ እርጥብ በግ እርጥብ በግ ይሸት ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠጉሩ የቆብ መልክ ያዘ። አንሥቼ ራሴ ላይ ደፋሁት።

«አውልቂ!» ብላ እጄን መታችኝ። «ይሄ መጫወቻ አይደለም። የዲዮክሌስ ነው።»

«ራሱን ስለሚበርደው?»

አክስቴ አንድ ጊዜ ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ ፊቷ ከበደ። «አዎ፣ ሲበርደው ኖሯል። ዲያና ከቆመች ይደፋውና ወደ ኖላ ከተማ ይሄዳል።»

«ተመልሶ ይመጣል?»

«ቆብ የደፋ ሰው ደስ ሲለው ይመጣል፣ ካላለው አይመጣም። ቆቡ ማለት ይኸው ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያን ቆብ ጠላሁት።

እዚህ ላይ ልጅቷ ያላወቀችውን መናገር ይገባኛል። ነጭ ቆብ የሚደፋው ከዳኛ ፊት ቀርቦ ነፃ የወጣ ባሪያ ነው። አባቴ በጸደይ መጀመሪያ፣ በሠራተኛው ሁሉ ፊት፣ እጁን በእቶኑ ግንብ ላይ አኑሮ «ይህች ዲያና ያለ አንዲት መጣፊያ ከወጣች ዲዮክሌስ በበዓሉ ማግስት ቆብ ይደፋል» ብሎ ቃል ሰጥቶ ነበር። በኖላ ደግሞ ፊሌማ የምትባል፣ ሉኬዮስ ከሚባል ጌታዋ ነፃ የወጣች ሴት ነበረች፤ ከዲዮክሌስ ፀንሳ በወይን ለቀማ ትወልዳለች ተብላ ትጠበቅ ነበር። በሕጋችን ባሪያ የማንም አባት አይደለም። ልጁ ከመወለዱ በፊት ነፃ ወጥቶ ካገባት ልጁ በአባቱ ስም ይጠራል፤ ነፃ ሳይወጣ ከተወለደ ግን አባት እንደሌለው ይመዘገባል፤ ኋላ የሚመጣ ነፃነትም ይህን አይፍቀውም። ሠራተኞቹ «ልጁ ከዲያና ቀድሞ እንዳይመጣ!» እያሉ ሲቀልዱበት እሰማ ነበር። ከዲዮክሌስ እግር ሥር የምውል ልጅ እኔ ብቻ ነበርሁና፣ ልጁ የተባልሁት እኔ እሆናለሁ ብዬ አስብ ነበር። ወዴት እንደምመጣ ግን ግራ ይገባኝ ነበር።

ወደ ምስማሮቹ ልምጣ።

ሰኔ ሲጋመስ የዲያና ፊት በሰም ተጠናቀቀ። ፊቷ ብቻ ከኔ ቁመት ይበልጥ ነበር። በእንጨት አልጋ ላይ ዘንበል ብላ፣ ዓይኖቿን ገርበብ አድርጋ፣ ማር ማር እየሸተተች፣ በእርግጥም የተኛች ትመስል ነበር። ጠዋት ጠዋት ሄጄ በሹክሹክታ እንደምን አደርሽ እላት ነበር።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ሳያት ቀጫጭን የብረት ምስማሮች በፊቷ ሁሉ ላይ ተተክለው አየሁ። በግንባሯ፣ በአገጯ፣ በሁለቱ ጉንጮቿ፤ ራስ ራሳቸው ብቻ ከሰሙ ወጣ ብሎ ይታያል። ለዚህ ነገር ማንም አላሰናዳኝም ነበር። ዲዮክሌስ በወንዝ የሚመጣውን ቆርቆሮ ሊቀበል ተልኳል። ሠራተኞቹ እንደ ልማዳቸው የቀትር እንቅልፍ ተኝተዋል፤ ሩፎ ከወናፉ ላይ አፉን ከፍቶ ያንኮራፋል። በግቢው ውስጥ ነቅቼ የነበርሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ከዚያ በፊት ባለው ወር አክስቴ ጆሮዬን በመርፌ አስበስታኝ ነበር። ቁስሉ ገና አልጠገገም፤ ክሩን ባዞርሁት ቁጥር ያመኝ ነበር። አንድ መርፌ እንዲህ ካመመኝ፣ ይህን ሁሉ ምስማር ተሸክማ የተኛችው ምን ትሆን? ደግሞም መጮህ አትችልም፤ ገና አልተወለደችም።

የሰም ቅርጫት ላይ ወጣሁ። በቀኝ እጄ የዲዮክሌስን ትንሽ ጉጠት ይዤ የመጀመሪያውን ምስማር ከግራ ጉንጯ ነቀልሁ። በበጋው ሙቀት ሰሙ ለስልሶ ስለነበር ምንም አላስቸገረኝም። በጉንጯ ላይ ትንሽ ጥቁር ቀዳዳ ቀረ። ከቅርጫቱ ሰም ቆንጥሬ በጣቶቼ መካከል አሙቄ ቀዳዳውን ደፈንሁት፤ እንዲያምርም በአውራ ጣቴ ጫን አልሁት። ከዚያ ሁለተኛውን፣ ከዚያ ሦስተኛውን። «አይዞሽ፣ አለቀ፣ አለቀ» እላት ነበር፤ አክስቴ ጆሮዬን ስታስበሳኝ ያለችኝ ይህንኑ ነው። ሰባተኛውን እንደ ነቀልሁ ሩፎ ሲያዛጋ ሰማሁና ከቅርጫቱ ወረድሁ። ምስማሮቹን ከውኃ ጉድጓዱ ውስጥ ጣልኋቸው። የቀኝ ጉንጯን ነገ እመለስበታለሁ ብዬ ቃል ገባሁላት።

ያ ነገ ግን አልመጣም። አባቴ ቸኩሎ ኖሮ፣ በዚያው ከሰዓት በኋላ ሁለት ጭቃ ቀቢዎች መጥተው የመጀመሪያውን ስስ ጭቃ በብሩሽ ቀቧት። ምስማር መቁጠር ሥራቸው አልነበረም፤ ፊቷን ዲዮክሌስ ጠዋት መርምሮ ጨርሷል ተብለዋል። እርሱ ቆርቆሮውን አስጭኖ ሲመለስ ፊቷ በጭቃ ተሸፍኖ ነበር።

ራሴን ብዙ ጊዜ መርምሬያለሁ። ምስማሮቹን የነቀልሁት ቆቡ እንዲቀር ብዬ ይሆን? አልነበረም። ምስማርና ቆብ ምን እንደሚያገናኛቸው አላውቅም ነበር። ያን ቀን ልቤ ንጹሕ ነበር፤ ንጹሕ ልብ ስንት ጥፋት ሊሠራ እንደሚችል የተማርሁት ግን በዚያው ነው።

የፊቷ ነሐስ የሚፈስበት ቀን ጠዋት አክስቴ ከበሩ እንዳልወጣ አጥብቃ ያዘችኝ። በእቶኑ አናት ላይ ለክፉ ዓይን መከላከያ የሚሆን ክታብ ተሰቅሏል። ሰሙ በዋዜማው ቀልጦ ወጥቶ ስለነበር ግቢው ሁሉ የተቃጠለ ማር ይሸት ነበር። ወናፉ ሲተነፍስ፣ ሲተነፍስ፣ ከእቶኑ የሚወጣው ነበልባል መጀመሪያ ቢጫ፣ ኋላ አረንጓዴ ሆነ። በዚያ ሰዓት ማንም አይናገርም፤ ደንቡ ነው። አባቴ እጁን አነሣ። የእቶኑ መዝጊያ ተመታ። ነሐሱ እንደ ፀሐይ ፈሳሽ የጭቃ ልብሷ ወደተቀበረበት ጉድጓድ ወረደ፤ ምድሩም ከእግሬ ሥር ሲንጎደጎድ ተሰማኝ። ዲዮክሌስ ዓይኑን ጨፍኖ ጆሮውን ወደ ጉድጓዱ አዘንብሎ ያዳምጥ ነበር። ድንገት ዓይኑን ገለጠ።

«ምነው?» አለው አባቴ።

«ምንም፣ ጌታዬ» አለ ዲዮክሌስ። ፊቱ ግን አመድ መስሎ ነበር።

በአራተኛው ቀን ጉድጓዱ ተቆፍሮ ጭቃው ተሰበረ። ግንባሯ ወጣ፤ አማረ። አፍንጫዋና አፏ ወጡ። ቀኝ ጉንጯ ወጣ። ሩፎ የግራ ጉንጯን ጭቃ በመዶሻ ሲነካ፣ የወጥ ሣህን የሚያህል ቀዳዳ አፉን ከፍቶ ታየ።

«የውስጡ ሸክላ ተንቀሳቅሷል» አለ ከጭቃ ቀቢዎቹ አንዱ። «ተጠግቶ ነሐሱን መንገድ ዘግቶበታል።»

እኔ ይህን ሰምቼ ደስ አለኝ። ከተቸነከረችበት ስላላቀቅኋት እንደ ልቧ ተገላብጣ መተኛቷ ነው ብዬ አሰብሁ።

«ኧረ ራሰ በራው፣ ቆቡ በጉንጯ ሾለከ!» አለ ሩፎ። ማንም አልሳቀለትም። እርሱም ራሱ አንገቱን ደፋ።

አባቴ ከከተማ እስኪመጣ ሠራተኛው ተበተነ። ዲዮክሌስ ብቻውን ከፊቷ ላይ ጎንበስ ብሎ የቀዳዳውን ጠርዝ በጣቱ ይዳስሳል። አጠገቡ ሄጄ ቆምሁ። ጣቱ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ወደ ጠርዙ ቀረበ፤ ትንፋሹን አወረደበትና በክንዱ ጠረገው። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። ረጅም ጊዜ አየኝ። ፊቴን አየ፤ ቀጥሎ እጆቼን አየ። ፈገግ አልሁለት።

ሞረድ አነሣ። ትከሻውን በበሩና በፊቷ መካከል አድርጎ ያን ቦታ ይሞርድ ጀመር። ቀስ ብሎ፣ በክብ በክብ፣ ቁስል እንደሚያክም ሰው።

«ያማታል?» አልሁት።

«አሁን አያማትም፣ እሜቴ።»

«ሞረዱ ኮርኩሯት ልትስቅ ነው?»

«ሂጂ፣ አክስትሽ ትፈልግሻለች።»

ሰም የነካውን ሁሉ ይይዛል፤ ነሐስም ሰሙ የያዘውን ሁሉ ይወርሳል። በዚያ ጠርዝ ላይ የሰባት ዓመት ልጅ አውራ ጣት፣ ከነመስመሩ፣ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ታትሞ እንደነበር ዛሬ አውቃለሁ። ዲዮክሌስ ያን አንድ ምስክር ይዞ አባቴን ሊጠብቀው ይችል ነበር። በሞረድ አጠፋው።

አባቴ ሲመጣ ቀዳዳውን አይቶ አልጮኸም። እርሱ የሚጮኸው ለትንሽ ነገር ነበር።

«የፊቷን ነገር ማን ነበር የጨረሰው?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ።»

«ከአንተ ሌላ የነካው አለ?»

«የለም። ጥፋቱ የኔ ነው። ልቤ ወደ ኖላ ሄዶ ነበር መሰለኝ።»

አባቴ ወደ ፊቷ ጎንበስ አለ። ዓይኑ በጠርዙ ላይ ነበር። ከዚያ «ያለ መጣፊያ ብዬ ነበር» አለ። «ቃሌ ቃል ነው።»

«እውነት ነው፣ ጌታዬ።»

በዚያ ምሽት አክስቴ ቆቡን በጨርቅ ጠቅልላ ከሣጥኑ ሥር ስታኖረው አየሁ። «ቀረ?» አልኋት። «ቀረ» አለችኝ። ወደ ግቢው በሩጫ ወጣሁ። ዲዮክሌስ በእቶኑ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ከኋላው አንገቱን አቅፌ «ደስ ብሎኛል! ቆቡ ቀረ! አትሄድም!» አልሁት። አክስቴ ከበሩ ላይ ሆና ይህን ሰማች፤ ፊቷንም ወደ ግድግዳው አዞረች። እርሱ ግን ክንዴን መታ መታ አድርጎ «እሺ እሜቴ፣ አልሄድም» አለኝ።

በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ ይልቅ ያ እቅፍ ያሳፍረኛል፤ በውስጡ ያለው ፍቅር እውነተኛ ስለነበር አብልጦ ያሳፍረኛል።

መጣፊያውን የሠራው ራሱ ዲዮክሌስ ነው። የቀዳዳውን ዳር አራት ማዕዘን አድርጎ ቆርጦ፣ በልኩ የነሐስ ገበታ አፍስሶ፣ በመዶሻ እየመታ አስገባው፤ መጋጠሚያውንም እስኪጠፋ አለሰለሰው። ዲያና በቀኗ ቆመች። ከእግሯ ተጀምሮ፣ በሬዎችና የጭነት ማንሻ እየጎተቱ፣ አካሏ በአካሏ ላይ ተደራርቦ፣ በመጨረሻ ፊቷ ወደ ሰማይ ወጣ። ሕዝቡ ሲያያት ጮኸ። ከታች ሆኖ መጣፊያውን ያየ አንድም ሰው አልነበረም። በወይን ለቀማ ከኖላ ሰው መጥቶ ለዲዮክሌስ ሴት ልጅ መወለዷን ነገረው። እርሱም ሥራውን አላቋረጠም።

ከሦስት ዓመት በኋላ በሌላ ሥራ ምክንያት ነፃ ወጣና ኖላ ገባ። የአክስቴ ቆብ ያን ጊዜ ከሣጥኑ ወጣ፤ ብል በልቶት ስለነበር አዲስ ተሠራለት።

አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላኝ፣ የባቄላ ቅርፊት እያላቀቅሁ በደጃፍ ተቀምጬ ሳለሁ፣ አባቴ ለአዲስ ሠራተኛ ሲያስረዳ ሰማሁት። «ሰሙ ሲወጣ የውስጡን ሸክላ የሚይዘው ምን ይመስልሃል? ነፋስ? እነዚህ ምስማሮች ናቸው። አንድ ጉንጭ ላይ ካጎደልህ ውስጡ ይሸሻል፤ ሥራህም ይበሳል።»

ባቄላው ከጭኔ ፈሰሰ። ሰውየው እስኪሄድ ጠብቄ ወደ አባቴ ገባሁ።

«አባባ፣ የዲያናን ምስማሮች የነቀልሁት እኔ ነኝ።»

ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «አውቃለሁ።»

«እንዴት አወቁ?»

«ዲዮክሌስ ሞረድ በማያስፈልግበት ቦታ ሞረደ። ያ ጠርዝ ተቆርጦ የሚጣል ነበር፤ የሚጣል ነሐስ የሚሞርድ ሞኝ የለም። ዲዮክሌስ ደግሞ ሞኝ አይደለም። የሚደብቀው ነገር ካለ የሚደብቀው ለማን እንደሆነ ለመገመት ጠቢብ መሆን አያሻም።»

«ካወቁ ታዲያ ለምን ቆቡን ከለከሉት?»

«ያለ መጣፊያ ብዬ ነበር። መጣፊያ ነበረባት።» ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «ያለ እርሱ እጅ ከእርሷ በኋላ የሚታዘዘውን ሐውልት ማን ያፈስስልኝ ነበር?» አለ። ወዲያውም «ባቄላሽን ልቀሚ፤ ይህን ነገር ደግሞ ለማንም አታንሺው» አለኝ።

አባቴ በቃሉ የሚታመን ሰው ተብሎ ሞተ። እውነትም አንድ ቃል አላጎደለም። ከዚያ ቀን ወዲህ እኔም ቃሉን ጠበቅሁ። መጀመሪያ ለአባቴ ክብር ስል፣ ኋላ ለባሌ ቤት ስል፣ ከዚያ የታላላቅ ቤተሰብ ልጆች ስለ መልካም ጠባይ እንዳስተምራቸው ስለተሰጡኝ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። ኖላ ከካፑዋ የአንድ ቀን መንገድ ናት፤ ዲዮክሌስም ከዚያ በኋላ ከአርባ ዓመት በላይ ኖረባት። ሕፃኒቱን ከብዙ ዘመን በፊት ይቅር ብያታለሁ። መንገዱን እያወቀች በቅሎ ያላስጫነችውን ሴት ግን ይቅር የምልበት ቃል አላገኘሁም።

መሞቱን የሰማሁት በሃምሳ አምስት ዓመቴ፣ በክረምት ነው። በየካቲት፣ ሰው ሁሉ ሙታኑን በሚያበላበት ሳምንት፣ ኖላ ገባሁ። ልጁን ሱፍ በመንከር የምትተዳደር፣ እጆቿ እስከ ክርኗ ቀይ የሆኑ፣ አንገተ ረጅም ሴት ሆና አገኘኋት። ሉኬያ ትባላለች፤ እናቷ ነፃ ስትወጣ ከጌታዋ ከሉኬዮስ በወረሰችው የቤት ስም ነው። ዲዮክሌስ በጊዜው ቆብ ደፍቶ ቢሆን ኖሮ የአባቴን ቤት ስም ይወርስ ነበርና እርሷም እንደኔ ብሎሲያ ተብላ ትጠራ ነበር።

«የጌታው ልጅ እርስዎ ነዎት?» አለች ስሜን ስነግራት ዓይኗ እየበራ። «አባቴ ስምዎን ሳያነሣ ውሎ አያውቅም። ‘እሜቴ እንዲህ አለችኝ፣ እሜቴ ይህን ጠየቀችኝ’ ሲል… ይግቡ እንጂ! ኧረ መቃብሩ ጋ እየሄድሁ ነው፤ አብረውኝ ይሂዱ።»

ከከተማው በር ውጭ፣ በመንገዱ ዳር፣ በትንሽ መቃብር ፊት ቆምን። እንደ ልማዳችን አንድ የሸክላ ቱቦ ከምድሩ አፉን አውጥቷል፤ ሕያዋን ወይን ሲያፈስሱበት አመዱ ድረስ የሚወርድ። በመንገድ ላይ ሳለን ሉኬያ ስለ አባቷ ብዙ ነግራኛለች። ደግ ነበር፤ ተጫዋች ነበር፤ ግን ዝንጉ።

«ምስማር ረስቶ ነው አባት አልባ ያደረገኝ፤ ያውቃሉ? ራሱ ነው የነገረኝ። በሰፈር ‘የማንም ልጅ’ ሲሉኝ ወደ ቤት እየሮጥሁ ገብቼ ‘ሰባት ምስማር መቁጠር አቅቶህ!’ እለው ነበር። ትልቅ ሴት ሆኜም አልተውሁትም። አምና እንኳ አንድ ምንቸት ቀለም አቃጠለብኝና ‘እንደ ምስማሩ መሆኑ ነው’ አልሁት። ‘ልክ ነሽ ልጄ’ አለኝ። ሁልጊዜም ‘ልክ ነሽ’ ነው የሚለኝ።»

እዚያ ቆሜ ነገርኋት። ስለ ጆሮዬ፣ ስለ ቅርጫቱ፣ ስለ አውራ ጣቴ፣ ስለ ሞረዱ። አባቴ ያውቅ እንደነበርና እኔም ከአሥራ ሦስት ዓመቴ ጀምሮ እንዳወቅሁ አልደበቅኋትም።  የወይኑን ማሰሮ በሁለት ቀይ እጆቿ እንደያዘች ቆማ ነበር።

«ሃያ፣ ሠላሳ ዓመት» አለች በመጨረሻ። «በየሳምንቱ ፊቱ ላይ ወረወርሁት። አንቺ እዚያ ተቀምጠሽ ታውቂ ነበር።»

አንቺ አለችኝ። ልክ ነበረች።

«አውቅ ነበር።»

«ለኔ ምን ያደርግልኛል? ለሱ ንገሪው። እዚያ ውስጥ ነው ያለው፤ ጆሮውም ከብዶት ነበር፤ ጮክ በይ።»

በመንገዱ ላይ ሙታናቸውን የሚያበሉ ሰዎች ነበሩ፤ ዳቦና ጨው የያዙ፣ ልጆች ያዘሉ። በጉልበቴ ተንበረከክሁ። አፌን ወደ ሸክላው ቱቦ አስጠግቼ፣ ሰዎቹ ሁሉ እስኪዞሩ ድረስ በሆነ ድምፅ፣ ምስማሮቹን የነቀልሁ እኔ ነኝ፣ እያወቅሁም ዝም ያልሁ እኔ ነኝ አልሁ። ስንት ጊዜ እንደ ደጋገምሁት አላስታውስም። ከቱቦው እርጥብ አፈርና የቆየ ወይን ሸተተኝ።

ሉኬያ ማሰሮዋን በድንጋዩ ላይ አኖረች። ቀሚሷን ሰብስባ አጠገቤ ተንበረከከች፤ በትከሻዋም ገፋ አደረገችኝ።

«በቃ፣ አሁን ዞር በይ» አለችኝ። «የኔ ተራ ነው።»